ብርጭቆ የሚነሳባት ዝምታ

እናቴ ፒያኖ ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ሀምሳ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ያውም ድምፅ በሌለው ፊልም፤ ያውም ፊቷን ሳይሆን እጇን ብቻ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አሮጌ የቤተሰብ ፊልም ወደ ፍላሽ የምትገለብጥ ጠባብ ሱቅ አለች፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ባንኮኒ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ባለሱቁ ባስቲያን አራቱን ጥቅል ፊልም ገልብጦ ጨርሷል። ሦስቱ የምናውቃቸው ናቸው፤ አባቴ በወይን ለቀማ ሰሞን፣ አባቴ የትምህርት ቤቱን የመዘምራን ቡድን ሲመራ፣ አባቴ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ። አራተኛውን ግን ከቤተሰቡ ያየው ሰው አልነበረም። «በዚህኛው ላይ ብዙም ነገር የለም ማዳም፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ እጅ ብቻ ነው። ካልፈለጉት አላስከፍልዎትም» አለኝ። አንዱ ጥቅል አሥራ ስምንት ዩሮ ነው፤ እኔም ቅናሽ የማልጠላ ሰው ነኝ። «እስቲ ልየው» ያልኩት ትራሙ እስኪመጣ ስምንት ደቂቃ ስለቀረው ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ ሁለት እጆች መጡ። የግራው አውራ ጣት ጥፍር መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ ነው። ያንን ጥፍር አውቀዋለሁ፤ እናቴ በአሥራ አራት ዓመቷ የወይን ዘለላ ስትቆርጥ በመቀስ ያገኘችው ነው፤ ልጅ ሆኜ ስታጥበኝ ይቧጭረኝ ነበር። እጆቹ ፒያኖ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ፒያኖውን እየወለወለች መሰለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ እናቴንና ፒያኖን አንድ ላይ ሳስብ ከመወልወያ ጨርቅ ሌላ ነገር ታይቶኝ አያውቅም። ጣቶቹ ግን አይወለውሉም። ይጫወታሉ፤ ያውም ቀስ ብለው፣ ለሚማር ሰው የሚያሳዩ ይመስል። እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ጣት ሳይ የኖርኩ የፒያኖ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዬ ከመስታወት በር ማዶ ሆኖ ቢጫወት እንኳ የቱ ጋ እንደተሳሳተ እነግረዋለሁ። ድምፅ አያስፈልገኝም። ሳይታወቀኝ የኔም ጣቶች ባንኮኒው ላይ እጆቹን ተከትለው መሄድ ጀመሩ፤ ጥቂት እንደሄዱ ዜማው ራሱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ክው አልኩ።

«ቅርጫቱ ሞልቷል» ነበር። አባቴ አርማን ቮቲዬ የደረሰው «ቅርጫቱ ሞልቷል»። እዚህ ዲዦን ተወልዶ ይህን ዘፈን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ጆሮ የለውም ወይ የፓሪስ ሰው ነው። ሠርግ ላይ ይዘፈናል፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ ይዘፈናል፣ በለቀማው ማብቂያ ግብዣ ላይማ ገና ሾርባው ሳይነሳ ይጀመራል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ባዶ ቦታ ነው፣ ኖታ የለም። በዚያች ዝምታ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል። አባቴ ያቺን ዝምታ እንዴት እንዳገኛት ሲያወራ ያልሰማ የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 በለቀማው ማግስት ምድር ቤት ወርዶ ብርጭቆ ይዞ ሲያንጎራጉር፣ አንድ ጊዜ ሊጎነጭ ቆም አለ፤ «ወይኑ ራሱ ነው ያሳረፈኝ» ይል ነበር። ጋዜጠኞቹ ይህን አነጋገር ይወዱለት ነበር። እኛም እንወድለት ነበር።

ፊልሙ ላይ እጆቹ ሦስተኛው ስንኝ ጋ ደረሱና ቆሙ። ብርጭቆ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። የግራው እጅ ከቁልፎቹ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደና ወገቧ ላይ አረፈ፤ የስክሪኑ ጥግ ላይ በደንብ ይታያል። ወገቧን ጫን አድርጋ አቃናችው፤ ከዚያ እጇ ተመልሶ ቀጠለ። በሁለተኛው ዙርም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም። ይህን እንቅስቃሴ አንድ ቀን እንኳ ወይን የለቀመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅርጫቱ ሲሞላ መሬት ታስቀምጪዋለሽ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ቀና ትያለሽ፣ ወዲያው ደግሞ ትጎነበሻለሽ። ሀምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከተማው ብርጭቆ ሲያነሳ የኖረው ለቃሚ ሴቶች የታመመ ወገባቸውን በሚያቃኑባት ዝምታ ላይ ነው። ባስቲያንን «ካርቶኑ ላይ ምን ተጽፏል?» አልኩት፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። አገላብጦ አየና «መጋቢት 1966 ይላል፤ በእርሳስ ነው» አለ። ጽሑፉ የአባቴ ነው። ዘፈኑን አገኘሁት ካለበት ቀን ስድስት ወር ቀድሞ ማለት ነው።

«አመመዎት እንዴ ማዳም? ውሃ ላምጣልዎት?»

«አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩና የአራቱንም ከፈልኩ። ሁለቱን ፍላሾች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ትራሙ አምልጦኛል። በእግሬ ወደ ገበያው ሄድኩ፤ ዶሮ መግዛት ነበረብኝ፣ እናቴ ቤት ምሳ ልንበላ ተቀጣጥረናል። ዛሬ ተራ ቀን አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተው አባቴ፣ አርባ ዓመት ሙዚቃ ያስተማረው አባቴ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ አዳራሽ በስሙ ሊሰየምለት ነው። እኔ ዘፈኑን በፒያኖ እንድጫወት ፕሮግራሙ ላይ ተጽፌያለሁ። ወንድሜ ጊስላን ንግግር ያደርጋል። እናታችንም ተጽፋለች፤ «ባለቤታቸው፦ አበባ መቀበል» ይላል። ባለፈው ሳምንት ይህን ሳነብ ምንም አልከነከነኝም ነበር።

ዶሮ ሻጩ ከሩቅ አይቶኝ «የቮቲዬ ልጅ! ዛሬ ያንቺ ቀን ነው!» ብሎ ጮኸ። ኪሎው አሥራ አራት ዩሮ ገብቷል፤ ባለፈው ወር አሥራ ሁለት ነበር። «ዶሮዎቹ ትምህርት ቤት ገቡ እንዴ?» ስለው ሳቀና የአንዱን ዶሮ እግር እየቆረጠ «ቅርጫቱ ሞልቷል»ን ማንጎራጎር ጀመረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቀጥ አለና የዶሮውን እግር እንደ ብርጭቆ ወደ ላይ አነሳልኝ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። አንደኛዋ ሽማግሌ ሴትዮ የገበያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነበር የምትስቀው። ከዚያች ሴትዮ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው፤ ጊስላን ነበር። «ስሚ፣ እማዬን ኋላ፣ በሩ ጋ ብናስቀምጣትስ? ድምፅ ማጉያው ይረብሻታል። አበባው ሲሰጥ አንድ ሰው ይዟት ይመጣል» አለኝ። «ፊት ነው የምትቀመጠው» አልኩት። ከዚህ በፊት በእንዲህ ዓይነት ነገር ተከራክሬው አላውቅም። «እሺ፣ ምን አስቆጣሽ ታዲያ?» ብሎ ዘጋው።

እናቴ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ደረጃውን ስወጣ ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ። ልጅ ሆኜ ሳሎን ውስጥ ፒያኖ ስለማመድ እናቴ ሁልጊዜ ማድ ቤት ናት፤ በግድግዳው በኩል የቢላዋዋ ድምፅ ይሰማኛል፣ ካሮት ይከተከታል፣ ሽንኩርት ይከተከታል። ስሳሳት ቢላዋው ቀጥ ይላል። አስተካክዬ ስደግመው ይቀጥላል። ለእኔ ይህ የቤቱ ጠባይ ነበር፤ ቧንቧው እንደሚያፏጨው፣ መስኮቱ እንደሚንቋቋው። አባቴ «እናትሽ ጆሮዋ እንጨት ነው፤ አንቺ እኔን ወጥተሽ ነው» ሲለኝ እኮራ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዶሮዬን ይዤ ቆምኩ። ያስተማረኝ ማን ነው? መጀመሪያ የተማርኩት ከማን ነው? ጎረቤት ወርዶ «ከባድ ነው ልያዝልሽ?» እስኪለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ቤቱ እንደወትሮው ነው። ሁለት ክፍል፣ የተወለወለ ወለል፣ የአባቴ ትልቅ ፎቶ ከፒያኖው በላይ፤ ፒያኖው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የመድኃኒት ሣጥን። እናቴ ሶላንዥ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ሴት ናት፣ ወገቧ ጎብጧል። ዶሮውን ተቀብላ «በውድ ነው የገዛሽው» አለችኝ። ስንት እንደከፈልኩ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ሰናፍጩን፣ ክሬሙን፣ አይቡን አሰናዳች። እኔ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጬ እጆቿን እንዳላይ መስኮቱን አያለሁ፤ ግን ቢላዋው ይሰማኛል። ሰላሳ ደቂቃ ያህል ቃል አልተነጋገርንም። እኛ ቤት ዝም መባባል ኩርፊያ አይደለም፤ እንደ ወንበሩ የቤት ዕቃ ነው። ዛሬ ግን ከበደኝ። አንድ ጊዜ «ምነው ፊትሽ ነጣ?» አለችኝ። «ፎቁ ነው» አልኳት።

ጊስላን ሰባት ሰዓት ላይ አዲስ ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ ቢሆንም ከረቫት ሲያስር አሁንም ምላሱን ያወጣል። ከአባታችን ምድር ቤት ያወጣውን አንድ ጠርሙስ ይዟል፤ የአባታችንን ቀይ የሱፍ ካልሲ አልብሶታል። ይህ የእሁድ ጨዋታችን ነው። ዓመቱ የተጻፈበት ወረቀት በካልሲ ይሸፈናል፣ ወይኑ ይቀዳል፣ ሰው ይገምታል። በአባታችን ዘመን ጨዋታው አያጓጓም ነበር፤ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያውቀው። እንግዶች ቀምሰው ሰባት ዓመት ስምንት ዓመት ሲስቱ፣ እሱ ብርጭቆውን ያዞራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ዓመቱን ይናገራል፤ ጭብጨባ። እናታችንን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ሳህን እያነሳች ነው፣ ዳቦ እያቀረበች ነው።

«በሉ እንግዲህ፣ ለአባባ መታሰቢያ። ማን ይደፍራል?» አለ ጊስላን። እሱ ራሱ ሰማንያ አምስት ነው ብሎ ገመተ። እኔ አፌ ላይ የመጣልኝን ዘጠና አልኩ፤ ወይኑ ውሃ ይሁን ሰናፍጭ የለየሁት ነገር አልነበረም። እናቴ ብርጭቆዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ሳትቀምሰው መልሳ አስቀመጠችው።

«ሰባ ስምንት ነው» አለች። «ያን ዓመት በጋው ዘግይቶ መጣ። የቆረጥነው ጥቅምት ገብቶ ነው፤ ጣታችን በብርድ ደንዝዞ ነበር።»

ጊስላን እየሳቀ ካልሲውን ገፈፈው። 1978። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «እማዬ! በምን ዕድልሽ ነው?»

«ምን ዕድል አለው? አባታችሁ የወይን ምላስ አልነበረውም እኮ። ዳቦ ሳቀርብለት በጆሮው እነግረው ነበር» አለችና የዶሮውን ስልስ በማንኪያ አነሳች። «እንግዶቹ ሲያጨበጭቡለት ደስ ይለው ነበር። ብሉ እንጂ፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

«አትቀልጂ እማዬ።»

«ምን ያስቀልደኛል?»

ወንድሜ ቀላ፤ ወይኑን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሲወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መዘበራረቅ ጀምራለች፣ አየሽ? እዚያ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳታመጣብን። ከጎኗ አትራቂ» አለኝ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እኮ ሁለታችንም አይተነዋል። ጮክ ብዬ ልሰድበው ፈለግኩ፤ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እኔም ያው እሱን ነበርኩ። የሦስቱን ጥቅል ፊልም ፍላሽ ሰጠሁትና ደረጃውን ሲወርድ አየሁት። አራተኛው ጥቅል በሌላ ፍላሽ ነበር፤ ያንን አስቀረሁት።

ላፕቶፔን የዳቦ ፍርፋሪው መሃል ከፈትኩት። «እማዬ፣ ነይ አንድ ነገር እይ» አልኳት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ መነጽሯን አደረገችና ተቀመጠች። እጆቹ መጡ። እንደምትደነግጥ፣ ወይ እንደምትክድ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ እዚያም እዚህም ስትፈልግ ቆየች፤ አንድ ነገር ጠፍቶባት ነበር። ፊልሙ አለቀ። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ሁለተኛውም አለቀ።

«ፀጉሬ የታለ?» አለች።

«አልገባኝም እማዬ።»

«አይታይም እንዴ? ያን ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። ፀጉር ቤት ሄጄ፤ በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነበር። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ። ካሜራውን የገዛ ሰሞን ነው፣ መጀመሪያ አንቺን ነው የማነሳው አለኝ።» መነጽሯን አወለቀች። «ቀስ ብለሽ ተጫወቺ፣ ደግሞም ድገሚልኝ አለኝ። እኔ እጄን ማየት አላስፈለገኝም፣ ቀና ብዬ ካሜራውን እያየሁ ነበር። እየሳቅኩም ነበር መሰለኝ።»

የገባኝ ነገር እሷም ገና አሁን ገብቷት ኖሯል። አንድ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ታውቅ ነበር፤ ዘፈኑ የሷ እንደሆነ። ሌላውን ግን አታውቅም ነበር። ልጅ ሆና ብርጭቆ በምታጥብበት የመንደር ካፌ አሮጌ ፒያኖ ነበር፤ ማታ ማታ ለለቃሚዎቹ በጆሮዋ የሰማችውን ትመታላቸው ነበር፣ የራሷንም ጭምር። አባቴ ያገኛት እዚያ ነው። «ኖታ መጻፍ አልችልም ነበር» አለችኝ። «የዘፈን መብት መዝጋቢዎቹ ደግሞ የተጻፈ ነው የሚፈልጉት። በኔ ስም ይሁን፣ ያው አንድ ቤት ነን አለኝ። አንድ ቤት ነበርን እኮ፣ ውሸት አይደለም። ሰምቶ ነው የጻፈው ብዬ ነበር። በፍቅር ሲሰማኝ ኖሮ፣ በጆሮው ይዞት።» ጨለማ የሆነውን ስክሪን በጣቷ ነካችው። «ለካ ጆሮም አልነበረውም። ፊልሙን እያየ ከጣቴ ነው የቀዳው።»

«ታዲያ ፒያኖ መንካት ለምን ተውሽ? እዚሁ ቤት ተቀምጦ!»

«ሰው ከሰማኝ ይለየዋላ። ያቺን ካፌ የሚያውቅ ሁሉ እጄን ያውቃል። መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ብዬ ነው፣ ወሬው እስኪበርድ። ከዚያ ዓመቱ ሄደ።»

ዓመቱ ሄደ አለችኝ፣ ትራም ያመለጣት ይመስል። ተናደድኩ። በአባቴ ተናደድኩ፤ በእሷም ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጣት አያለሁ ብዬ የምመጻደቀው እኔ፣ ካሮት ስትከትፍ እርማቷን እየሰጠችኝ አንድ ቀን ቀና ብዬ ያላየኋት እኔ፣ በራሴ አፈርኩ። «ዛሬ እናገራለሁ፤ ሁሉም ይስማው» አልኳት። ክንዴን ያዘችኝ፤ የሰማንያ አራት ዓመት ሴት እንደዚያ ዓይነት ጉልበት አላት ብዬ አላሰብኩም። «ሰው ፊት አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ሞቷል፤ አይመልስልሽም። ወንድምሽም ይሰበራል። ቃል ግቢልኝ።» ገባሁላት። ከዚያ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ፀጉሯን ስታበጥር ቆየች፤ ለመውጣት ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቹ፣ የመዘምራን ቡድኑ፣ ዶሮ ሻጩ ሳይቀር ታጥቦ መጥቷል። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ወይን በበሩ ላይ ይታደላል፤ ዘፈኑ ያለ ብርጭቆ አይሆንማ። እናቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ጊስላን አየንና ወደ መድረኩ ዞረ። ምክትል ከንቲባዋ ተናገረች። ጊስላን ተናገረ፤ ምድር ቤቱን፣ ብርጭቆውን፣ «ወይኑ ራሱ ነው ያሳረፈኝ»ን አንድም ሳያስቀር ተረከው፣ ሰዉም በወደደው ቦታ ሁሉ ሳቀ። ፊልሙ ታየ፤ አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ባሕር ሲገባ። ከዚያ ምክትል ከንቲባዋ «እኚህ ደግ እናት ባያበሏቸው ኖሮ ሙሴ ቮቲዬ በባዶ ሆዳቸው ዜማ አይወጣላቸውም ነበር!» አለችና ትልቅ የአበባ እቅፍ አስታቀፈቻት። ሳቅና ጭብጨባ። እናቴም ከአበባው ጀርባ አጨበጨበች ማለት ይቻላል፤ ፊቷ አይታይም ነበር።

ፒያኖው ጋ ሄድኩ። ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ቃል ገብቻለሁ፣ ተጫውቼ ልወርድ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመርኩ፤ ሁለት መቶ ሰው አብሮኝ ዘፈነ። በሁለተኛው ስንኝ ጣቶቼን ሳይ የሷን ሆኑብኝ፤ ያው የጠዋቱ አኳኋን፣ ያው አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ማለፉ። ማንም ሳያሳየኝ ለካ እንደሷ ነበር የምጫወተው። ሦስተኛው ስንኝ ደረሰ፣ ዜማው ቀጥ አለ፣ ሁለት መቶ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሳ። እኔ ግራ እጄን ከቁልፎቹ አነሳሁና ወገቤ ላይ አደረግኩት። ጫን አድርጌ ቀና አልኩ። እጄም ከወገቤ አልመለስ አለኝ።

አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ብርጭቆዎቹ አየር ላይ ቀሩ። መጀመሪያ ሰው ፈገግ አለ፣ ረሳች ብሎ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። የአንድ ሽማግሌ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወይኑ እጅጌው ውስጥ ፈሰሰ። ጊስላን ከመድረኩ ጠርዝ በዓይኑ «ቀጥይ!» ይለኛል። ምክትል ከንቲባዋ ወደ ድምፅ ሠራተኛው ዞረች፣ ማሽን የተበላሸ መስሏት። እኔ የማየው እናቴን ብቻ ነበር። እናቴ የምታየው ወገቤ ላይ ያለውን እጅ ነበር።

አበባውን እግሯ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሳች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና አለች፣ የቻለችውን ያህል።

«በጣም ረዘመ» አለችኝ። ድምፅ ማጉያ አልነበራትም፤ ጩኸትም አልነበረም፤ ግን ሌላ ድምፅ ስላልነበረ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። «ሁለት ቆጥረሽ ተመለሺ። እኔ ስሠራው የቆጠርኩት ሁለት ነው።»

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። እናቴ አልተቀመጠችም፤ ወገቧን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩና ተመለስኩ።